ማን ይቅደም? ስለ መረብ ወረፋና ስለ ራውተር ቅድሚያ አሰጣጥ

የከተማችን ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውና ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው መስመር ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ አንዱን ሐዲድ እንዲጋሩ ተደርጎ ነበር የተሠራው። ርዝመቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከልደታ በኋላ አንደኛው ወደ ኮካ ኮላ፣ ሁለተኛው ወደ አብነት ይለያያሉ። እንግዲህ ከምሥራቅ የመጣ ባቡርና ከደቡብ የመጣ ባቡር በአንድ ደቂቃ ከመጋጠሚያው ቢደርሱ አንዱ የግድ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ሐዲዱን ካልጨመሩ በቀር ሊደረግ የሚቻለው ማን እንደሚቀድምና የቀረው ምን ያህል እንደሚቈይ መወሰን ብቻ ነው።

በዚህ ቁጥር ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ትምህርት ስለ ባቡር አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄው ያው ነው። በየቤታችን፣ በየንባብ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ራውተር የሚባለው መሣሪያ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይኸንኑ የማሳለፍና የማስቆም ሥራ ነው። ብዙዎቻችን ሳጥኑን ከማብራትና ከማጥፋት በቀር ነክተነው አናውቅም። ስለዚህ ማን እንዲቀድም የሚወስነው ሣጥኑን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካውም ስለ እኛ የሚያውቀው ነገር የለም።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በመረብ ላይ የሚሄደው ነገር ሁሉ፣ ድምፅም ቢሆን፣ ሥዕልም ቢሆን፣ የደብዳቤ ቃልም ቢሆን፣ ፓኬት በሚባል ትንሽ ጥቅል ተቈራርጦ ይሄዳል። የአንዱ ፓኬት መጠን ቢበዛ 1500 ባይት ያህል፣ ማለትም 12,000 ቢት ነው። ወደ ውጭ የሚያወጣን መስመር በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ቢት የሚያሳልፍ ከሆነ፣ አንዱ ትልቅ ፓኬት በሩን አልፎ እስኪወጣ 6 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። በዚያች ጊዜ ሌላ ማንም አያልፍም። በቤት ውስጥ ያለው መስመር ግን በሴኮንድ መቶ ሚሊዮን ወይም ሺህ ሚሊዮን ቢት የሚያሳልፍ ነውና፣ ፓኬቶቹ ወደ በሩ የሚደርሱት ከበሩ ከሚወጡት ይልቅ እጅግ በፈጠነ አኳኋን ነው። የተረፉት ይሰለፋሉ። የሚሰለፉበትም ቦታ በራውተሩ ውስጥ ያለ ማቆያ ነው፤ ማቆያው ከሞላ አዲስ የመጣው ፓኬት ይጣላል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በልደታ ሠፈር አንድ የተማሪዎች ንባብ ቤት አለ እንበል። መስመሩ ወደ ውስጥ በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት፣ ወደ ውጭ 2 ሜጋ ቢት ነው። ልደታ የሕንፃ ኮሌጅ ሠፈር ናትና ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ 600 ሜጋ ባይት የሚሆን የሕንፃ ንድፍ ለመምህሩ ይልካል። 600 ሜጋ ባይት 4,800 ሜጋ ቢት ነው፤ ለ2 ሲካፈል 2,400 ሴኮንድ፣ ይኸውም 40 ደቂቃ ይሆናል። በሌላው ጠረጴዛ አንዲት ተማሪ ውጭ አገር ካለ አማካሪዋ ጋር ስለ መመረቂያ ጽሑፏ በኢንተርኔት ስልክ ትነጋገራለች። የንድፉ ልጅ መላክ በጀመረ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የልጅቱ ስልክ መቈራረጥ ይጀምራል። እርሷ «መስመሩ ደካማ ነው» ብላ ትዘጋለች። እርሱ ደግሞ ምንም ያጠፋው ነገር የለም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር የቤት ሥራውን መላክ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመርምር። የልጅቱ ድምፅ ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል? ጂ 711 በሚባለው የታወቀ የድምፅ አሠራር ድምፅ በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ ተቈርጦ በሴኮንድ 50 ፓኬት ይላካል። በእያንዳንዱ ውስጥ 160 ባይት ድምፅና 40 ባይት አድራሻ አለ፤ ድምሩ 200 ባይት ነው። በሴኮንድ 80 ሺህ ቢት ማለት ነው። ከ2 ሚሊዮኑ ከመቶ 4 እጅ ብቻ! አዳዲሶቹ የድምፅ አሠራሮች ከዚያም በታች ይጠቀማሉ። እንግዲህ የተቸገረችው ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ ቦታው ሳለ ተራዋ ስላልደረሰ ነው። የራውተሩ ማቆያ 250,000 ባይት የሚይዝ ከሆነና የንድፉ ፓኬቶች ከሞሉት፣ ይህ 2 ሚሊዮን ቢት ነውና ከኋላ የተሰለፈ የድምፅ ፓኬት በሩ ላይ ለመድረስ ሙሉ 1 ሴኮንድ ይቈያል። የዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ማኅበር ግን ለስልክ ንግግር የሚመች መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሴኮንድ እንዳይበልጥ፣ ከ400 በላይ ከሆነ ደግሞ ተቀባይነት እንደሌለው ይመክራል። ፋብሪካዎች «ፓኬት አይጥፋ» ብለው ማቆያውን ሲያሰፉት ወረፋውን አረዘሙት። ይኸንንም በሽታ ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ «በፈርብሎት» የሚል ስም ሰጥቶ አሳወቀው፤ የማቆያ መነፋት ብንለው ያስኬዳል።

ፋይል የሚልክ ሰው ትዕግሥተኛ ነው፤ ፓኬት ቢጠፋበት እንደ ገና ይልካል፤ በመጨረሻም ንድፉ ሳይጐድል ይደርሳል። ድምፅ ግን እንዲህ አይደለም። የዘገየ ድምፅ እንደ ጠፋ ይቈጠራል፤ ንግግሩ አልፎ ሄዷልና። ይህም ከጨዋታ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልደታ የፍርድ ቤት ሠፈርም ናት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክልል ያሉ ባለጉዳዮችን አዲስ አበባ ሳይመጡ በቪዲዮ፣ ሕዝቡ «በፕላዝማ» በሚለው፣ ሲሰማ ቈይቷል። በእንግሊዝኛ እምቢታን የሚገልጸው ቃል ለብቻው የቆመ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን እምቢታ በቃሉ ጫፍ ላይ የተለጠፈ አንድ ድምፅ ነው። አንድ ተከሳሽ «አልፈረምሁም» ቢልና የመጀመሪያው «አል» ቢጠፋ፣ ዳኛው የሚሰማው «ፈረምሁም» ነው። ይህች ድምፅ ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብትፈጅ ዐሥር ፓኬት ናት። ዐሥር ፓኬት ደግሞ በተጨናነቀ በር ላይ በአንድ ቅጽበት ይጣላል። በእርግጥ ዳኛ ደግሞ ይጠይቃል፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ላለው ንግግር መንገዱን አስቀድሞ ማጽዳት የቅንጦት ሥራ አለመሆኑ ይታያል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ወሰን እናስምር። ቅድሚያ መስጠት የሚያሳጥረው ወረፋን ብቻ ነው፤ ርቀትን አያሳጥርም። በወረዳ ኔት ሥራ ከሩቅ ወረዳዎች አንዳንዶቹ የተገናኙት በሳተላይት ነበር። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ቃሉ ወጥቶ ሲወርድ 72,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይህ ወደ 240 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ከ150ው ወሰን አስቀድሞ አልፏል። በማንኛውም ራውተር ላይ የፈለገውን ፖሊሲ ብንጽፍ ይህን አንዲት ሚሊ ሴኮንድ አንቀንሰውም። እንደዚሁም ቅድሚያ መስጠት መስመሩን አያሰፋም። ለአንዱ የሰጠነው ሁሉ ከሌላው የወሰድነው ነው።

መልእክትን በደረጃ ከፍሎ ማሳለፍ አዲስ ነገር አይደለም። በ1865 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተፈረመው የዓለም የቴሌግራፍ ውል ቴሌግራሞችን የመንግሥት፣ የአገልግሎትና የግል ብሎ ለሦስት ከፍሎ ተራቸውን ወስኖ ነበር። ልደታም ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የቦሌው እስኪከፈትም ድረስ የከተማው ሰማይ በር እርሱ ነበር። በአቪዬሽን የመልእክት መረብ ደግሞ እያንዳንዱ መልእክት በራሱ ላይ ሁለት ፊደል ተለጥፎበት ይሄዳል፦ «ኤስ ኤስ» የሆነ የጭንቅ ጥሪ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከዚያ «ዲ ዲ» የሆነ አስቸኳይና «ኤፍ ኤፍ» የሆነ የበረራ ደኅንነት መልእክት፤ ከዚያ «ጂ ጂ» እና «ኬ ኬ» የተባሉት የአየር ጠባይና የአስተዳደር መልእክቶች ይከተላሉ። አስተውሉ፤ ደረጃው የላኪውን ሹመት ሳይሆን የነገሩን አጣዳፊነት የሚከተል ነው።

ኢንተርኔትም ከዚህ ቤት ልጅ ነው። በመስከረም 1981 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ሲጻፍ፣ በእያንዳንዱ ፓኬት ራስ ላይ አንድ ባይት ለአገልግሎት ዐይነት ተትቶ ከእርሱም 3 ቢት ለቅድሚያ ተመደበ፤ ስምንት ደረጃ ማለት ነው። ከስሞቹም አብዛኞቹ ከወታደር ቴሌግራም የተወሰዱ ነበሩ። ለብዙ ዘመን ግን እምብዛም ሰው አልተጠቀመበትም። በታኅሣሥ 1998 እ.ኤ.አ. ያው ባይት እንደ ገና ተተርጕሞ 6 ቢት ተሰጠውና 64 ዐይነት ምልክት እንዲይዝ ሆነ፤ ዲ ኤስ ሲ ፒ የሚባለው ይህ ነው። ከነዚህ ውስጥ ተማሪ በቃሉ ሊይዛቸው የሚገባ ጥቂቶቹ ናቸው፦ 46 ለድምፅ፣ 34 ለቪዲዮ ንግግር፣ 0 ለተራው ነገር ሁሉ፣ 8 ደግሞ «እኔ ብቈይም ግድ የለም» ለሚል የጀርባ ሥራ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የራውተር ፖሊሲ በማናቸውም ፋብሪካ መሣሪያ ላይ ሦስት ተግባር አለው፤ መለየት፣ መመደብና ማሰር። በሲስኮ ራውተር መለየቱ በ«ክላስ ማፕ»፣ ለእያንዳንዱ መደብ የሚደረገውን መወሰን በ«ፖሊሲ ማፕ»፣ ያንን ፖሊሲ በተወሰነው በር ላይ ማሰር በ«ሰርቪስ ፖሊሲ» ይፈጸማል። በማይክሮቲክ መለየቱ «ማንግል» በሚባለው ሠንጠረዥ፣ ማስተናገዱ «ኪው ትሪ» በሚባለው ይሆናል። ስሙ ይለያይ እንጂ አሳቡ አንድ ነው። ጀማሪዎች ዘወትር ሦስተኛውን ተግባር ይረሳሉ፤ ፖሊሲው ተጽፎ በማንም በር ላይ ሳይታሰር ይቀርና «አይሠራም» ይባላል።

ከሦስቱ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ ወረፋውን ወደ ራሳችን እጅ ማምጣት። ራውተራችን ከውጭው ሞደም ጋር የሚገናኘው በ100 ሜጋ ቢት ገመድ ነው፤ ሞደሙ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣው 2 ሜጋ ቢት ብቻ ነው። እንግዲህ ፓኬቶቹ የሚሰለፉት በሞደሙ ውስጥ እንጂ በራውተሩ ውስጥ አይደለም። ሰልፍ በሌለበት ቦታ ሰልፍ አስከባሪ ብናቆም ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ራውተሩ ሆን ብሎ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ባለ ፍጥነት፣ በምሳሌያችን በ1.9 ሜጋ ቢት፣ እንዲያወጣ ይታዘዛል። ከመቶ 5 እጅ እናጣለን። በምትኩ ሞደሙ ባዶ ይሆናል፤ ወረፋውም በእኛ ቤት፣ በእኛ ሕግ ሥር ይሆናል። የመስመሩ ፍጥነት በወረቀት ከተጻፈው ያነሰ ሊሆን ስለሚችል የሚያዘው በተለያየ ሰዓት ተለክቶ ከተገኘው ዝቅተኛው ነው።

ከዚህ በኋላ 1,900 ኪሎ ቢቱን እናከፋፍል። ለድምፅ 400፣ ለቪዲዮ ንግግር 600፣ ለአጫጭር አገልግሎቶች፣ ማለትም ለስም መጠየቂያ፣ ለመመዝገቢያ ገጽና ለመጻሕፍት ዝርዝር፣ 400፣ ለተራው ሁሉ 400፣ ለጀርባ ሥራ፣ ማለትም ለትላልቅ ፋይልና ለኮምፒዩተር እድሳት፣ 100። ድምሩ 1,900 ነው። እነዚህ ቍጥሮች ከድምፁ በቀር ዋስትናዎች እንጂ ጣሪያዎች አይደሉም። ሌላው ሳይጠቀምበት የቀረውን ቦታ የሚፈልግ ይወስደዋል፤ ሌሊት ማንም በሌለበት ንድፉ 1,900ውን በሙሉ ሊይዝ ይችላል።

ድምፅ ለምን ጣሪያ ተደረገለት? የድምፅ መደብ ከሌሎቹ የሚለየው ፍጹም ቅድሚያ ስላለው ነው፤ በወረፋው ውስጥ አንድ የድምፅ ፓኬት እስካለ ድረስ ሌላው አይነሣም። ጣሪያ ከሌለው፣ ራሱን ድምፅ አስመስሎ የገባ አንድ ሰው ቤቱን ሁሉ ሊያስርብ ይችላል። በዚህ ሙያ የተለመደው ፍጹም ቅድሚያ ያለው ክፍል ከመስመሩ ከሲሶ እንዳይበልጥ ነው። 400 ኪሎ ቢት ለአምስት የጂ 711 ተናጋሪዎች ይበቃል። ስድስተኛው ሰው የደወለ እንደ ሆነ ግን የሚበላሸው የእርሱ ስልክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ራውተሩ የማንን ፓኬት እንደሚጥል አይመርጥምና የስድስቱም ንግግር ይቈራረጣል። ስለዚህ ቍጥሩን የሚወስነው ሰው አስቀድሞ በማታ ስንት ሰው እንደሚደውል ተቀምጦ መቍጠር አለበት። ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ አያገኘውም።

አሁን ምን ተገኘ፣ ምን ተከፈለ? ልጅቱና ሌሎች ተናጋሪዎች በአንድነት 700 ኪሎ ቢት ቢወስዱ ለንድፉ 1,200 ይቀርለታል፤ 4,800 ሜጋ ቢት ለ1.2 ሲካፈል 4,000 ሴኮንድ፣ 67 ደቂቃ ያህል ነው። 40 የነበረው 67 ሆነ። የንድፉ ልጅ 27 ደቂቃ አጣ፤ ሌሎቹ ደግሞ መነጋገር ቻሉ። እኛ ይህን ተገቢ ልውውጥ ነው እንላለን። ነገር ግን ንድፉ እኩለ ሌሊት ላይ የሚዘጋ ቀጠሮ ቢኖረውስ? በሕንፃ ትምህርት ንድፉ ራሱ ፈተናው ነው። በመጻሕፍት ላይ «ፋይል መላክ የጀርባ ሥራ ነው» የሚለው ምድብ የተጻፈው ሠራተኞቹ ሁሉ ስልክ የሚያነጋግሩበትን ቢሮ እያሰበ ነው። ራውተር የነገርን ዐይነት ያያል እንጂ የነገርን ክብደት አያይም። በአንደኛው ጠረጴዛ በድምፅ መስመር የሚሄደው የመመረቂያ ምክር ሊሆን ይችላል፤ በሌላው ደግሞ የእግር ኳስ ወሬ። ሁለቱም በራውተሩ ዐይን 46 ናቸው።

ስለዚህ በጋራ ቤት ውስጥ በነገር ዐይነት ከመክፈል በፊት በሰው መክፈል ይሻላል የሚል አቋም አለን። ምክንያቱን እነሆ። ተራው ራውተር «እኩል» የሚያደርገው ግንኙነቶችን እንጂ ሰዎችን አይደለም። አንድ ተማሪ ፋይል በሚያወርድ ፕሮግራም 20 ግንኙነት ቢከፍትና ሌላው በ1 ግንኙነት አንድ ገጽ ቢያነብ፣ የመጀመሪያው ከ21 እጅ 20ውን ይወስዳል። እኩልነት ተከበረ ሲባል እንኳ አንዱ ሃያ ጊዜ ተሰልፏል። በኬላ ላይ ሃያ ቦታ ድንጋይ አስቀምጦ ተራ የሚይዝ ሰው አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። መድኀኒቱ መጀመሪያ በኮምፒዩተር አድራሻ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ማድረስ፣ ቀጥሎ በአንዱ ሰው ድርሻ ውስጥ ድምፁን ከፋይሉ ማስቀደም ነው። ኬክ የተባለው በሊኑክስ ውስጥ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የወረፋ አሠራር ይህን በጥቂት ትእዛዝ ያደርገዋል፤ ኦፕን ደብልዩ አር ቲ በተጫነበት ርካሽ ራውተር ላይም ይሠራል።

መለየቱ ራሱ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ከብዷል። በፊት የፓኬቱን ውስጥ ገልጦ ማየት ይቻል ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ነገር በምስጢር ተቈልፎ 443 በሚባለው በር ይሄዳል። በር ለይተው የሚታወቁም አሉ፤ ዙም ከ8801 እስከ 8810፣ ማይክሮሶፍት ቲምስ ከ3478 እስከ 3481 ያሉትን የዩ ዲ ፒ በሮች ለንግግር ይጠቀማሉ። ሌላው ቢቀር ግን ተማሪው ሁሉ መጽሐፍ የሚያወርድበትና የሚነጋገርበት ቴሌግራም አንድ ስም ይዞ ሁለት ጠባይ አለው፤ «ቴሌግራምን አስቀድም» የሚል ሕግ መጽሐፉንም ወሬውንም ያስቀድማል። ለዚህ ነው ኤፍ ኪው ኮደል የተባለውን አሠራር የምናመሰግነው። እርሱ ስም አይጠይቅም፤ ጠባይ ያያል። መጪውን ሁሉ በ1,024 ትንንሽ ወረፋ ይበትናል፤ በጥቂቱ የሚልክ እንደ ድምፅ ያለው ወረፋ ወዲያው ባዶ ስለሚሆን እንደ አዲስ መጪ ተቈጥሮ ቀድሞ ያልፋል፤ ሳያቋርጥ የሚልከው ግን ተራውን ይጠብቃል። በተጨማሪም ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኮደል የተባለው ዘዴ፣ ፓኬቶች በወረፋው ውስጥ ከ5 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ለ100 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ያለማቋረጥ መቈየታቸውን ካየ አንዳንዱን እየጣለ ላኪውን «ቀስ በል» ይለዋል። ለትንሽ ንባብ ቤት ከላይ የዘረዘርናቸውን አምስት መደቦች ከመጻፍ ይልቅ ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። መደቦቹን ያስተማርነው የፍርድ ቤት ወይም የሆስፒታል መስመር የሚይዝ ሰው ዋስትና ያለው ቍጥር ስለሚያስፈልገው ነው።

ወደ ውስጥ ስለሚገባውስ? ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከውጭ የሚመጣው ፓኬት ወደ እኛ ሲደርስ ጠባቡን በር አልፎ መጥቷል፤ የተሰለፈውም በአገልግሎት ሰጪው ዕቃ ውስጥ ነው። የደረሰን ነገር ማስቀደም ከደረሰ በኋላ ነው። ያለን ኀይል በተዘዋዋሪ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባውን ከ10 ሜጋ ቢቱ ዝቅ አድርገን፣ በ9 ሜጋ ቢት ያህል፣ ስናሳልፍ፣ ላኪው መልስ ሲዘገይበት ወይም ፓኬት ሲጠፋበት ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የምናጣው ከላይኛው ይልቅ የሚበዛውም ቍጥጥራችን ደካማ ስለ ሆነ ነው። ምልክቱም ቢሆን ከደጃችን ባሻገር ዋስትና የለውም። እኛ 46 ብለን የጻፍነውን ቀጣዩ መሥሪያ ቤት 0 አድርጎ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ከእርሱ ጋር በውል ካልተስማማን በቀር። ከውስጥም ማንም ተማሪ በኮምፒዩተሩ ላይ ለፊልሙ 46 መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ራውተሩ ከውስጥ የመጣን ምልክት ሳያምን መጀመሪያ ሁሉን 0 አድርጎ፣ ከዚያ በራሱ ሕግ እንደ ገና ምልክት ያደርጋል።

እዚህ ላይ ማዘግየትን ከመከልከል ልንለይ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ቀድሞ በመውጣቱ፣ በ2009 ዓ.ም. ፈተናው በሚሰጥበት ሰሞን በአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደ ነበር ይታወሳል። ይህ ቅድሚያ መስጠት አይባልም፤ በሩን መዝጋት ነው። በቅድሚያ አሰጣጥ የመጨረሻው ሰው እንኳ 100 ኪሎ ቢቱን አያጣም። ለመጨረሻው መደብ 0 የጻፈ ፖሊሲ ካያችሁ ጸሓፊው ወይ ተሳስቷል ወይ ሌላ አሳብ አለው።

እንግዲህ ማን ይወስን? በቤቱ ውስጥ ራውተሩን የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ሲሆን ዘወትር የሚሆነው የእርሱ ጓደኞች መቅደም ነው፤ ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ችግራቸውን የሚነግሩት እነርሱ ስለ ሆኑ ነው። እኛ የምንመክረው የመደቦቹ ዝርዝርና ቍጥራቸው በአማርኛ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከራውተሩ አጠገብ እንዲለጠፍ ነው። የንድፍ ማስረከቢያ ሳምንት ሲደርስ የንባብ ቤቱ ኮሚቴ ተሰብስቦ ለጀርባ ሥራ የተሰጠውን 100 ወደ 500 ሊያሳድገውና ከቪዲዮው 400 ሊቀንስ ይችላል፤ ራውተሮች በሰዓትና በቀን የሚለዋወጥ ሕግ ይቀበላሉ። ይህን የሚከለክል የቴክኒክ ምክንያት የለም። መደቦቹን ግን አታብዙ። ከአምስት በላይ ሲሆኑ የትኛው ነገር የት እንደ ገባ ጸሓፊው ራሱ አያውቀውም።

ሁለት ወጥመድ ሳንጠቅስ አንለፍ። በማይክሮቲክ ራውተሮች ላይ ከፋብሪካ በሚመጣው ቅንብር «ፋስት ትራክ» የሚባል ሕግ አለ፤ ሥራን ለማፋጠን ሲል ፓኬቶችን ከወረፋው አጠገብ በአቋራጭ ያሳልፋቸዋል። እርሱ ሳይጠፋ የተጻፈ የወረፋ ሕግ ግማሹን ትራፊክ እንኳ አያየውም። ሁለተኛው በዚሁ ራውተር የቅድሚያ ቍጥር ከ1 እስከ 8 ሲሆን ትልቁ ቅድሚያ 1 ነው፤ በዲ ኤስ ሲ ፒ የለመደ ሰው 8 ጽፎ ድምፁን ከሁሉ ኋላ ያሰልፈዋል።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ቤቱ ሲሞላ፣ ከአንድ ኮምፒዩተር ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ ወደ አንድ የውጭ አድራሻ ያለማቋረጥ እየጠየቃችሁ የመልሱን ሚሊ ሴኮንድ መዝግቡ። መጀመሪያ ማንም ሳይልክ፣ ቀጥሎ አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ውጭ እየተላከ። ያለ ፖሊሲ በሁለተኛው ጊዜ ቍጥሩ ከ1,000 በላይ ሲወጣ ልታዩ ትችላላችሁ። በፖሊሲው ግን ከባዶው ጊዜ በጥቂት ዐሥር ሚሊ ሴኮንድ ብቻ መብለጥ አለበት። ብዙ የሚበልጥ ከሆነ 1.9 ያልነውን ወደ 1.8፣ ከዚያም ወደ 1.7 እያወረዳችሁ ደግማችሁ ለኩ፤ ወረፋው አሁንም በሞደሙ ውስጥ ነውና። ከመጀመራችሁ በፊት የነበረውን ቅንብር በፍላሽ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ሥራውንም ከራውተሩ ጋር በገመድ በተያያዘ ኮምፒዩተር ላይ አድርጉት፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ሕግ የመጀመሪያውን በር የሚዘጋው ብዙ ጊዜ በጻፈው ሰው ላይ ነው።